ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የትኛው ሳሙና ይሻላል፦ ፖታሺየም ናይትሬት ወይስ ስታነስ ፍሎራይድ?

ኢናሜል (የጥርስ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን) ሲሳሳ ወይም ድድ ሲሸሽ ከሥሩ ያለው የጥርስ ክፍል፣ ዴንቲን፣ ይጋለጣል። በረቂቅ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቅዝቃዜ ሲነካው ይንቀሳቀሳል፤ ነርቩ የሚቆጣው በዚህ ነው።

ፖታሺየም ናይትሬት (ብዙውን ጊዜ 5%) ቱቦዎቹን አይዘጋም፤ ነርቩን ያረጋጋል። በቀን ሁለቴ ተቦርሾበት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ስለሚፈልግ ብዙዎች ሳይሠራ ይተውታል። ሲያቆሙትም ጥዝጣዜው ሊመለስ ይችላል።

ስታነስ ፍሎራይድ (0.454%) ቱቦዎቹን ይደፍናል፤ ባክቴሪያንም ያዳክማል። ስለዚህ ሲቦርሹ ድድዎ የሚደማ ከሆነ ያለ ማመንታት ይህን ይምረጡ። ጉድለቱ የብረት ጣዕሙና በአንዳንድ ሰው ጥርስ ላይ የሚተወው ቡናማ ቀለም ነው፤ ቀለሙ ከላይ ስለሚቀር ሐኪም ሲያጸዳው ይለቃል። በቶሎ የሚበልዝ ጥርስ ያለው ሰው ፖታሺየሙ ይሻለዋል።

የትኛውንም ቢመርጡ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይጫኑ፣ ለ2 ደቂቃ ይቦርሹ። አረፋውን ይትፉ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ጥርስ ያነጣሉ የሚባሉ ሻካራ ሳሙናዎችንም ጎን ለጎን አይጠቀሙ፤ ዴንቲኑን ይበልጥ ይፍቁታል።

የሚያምዎት አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሲነክሱበት ከወጋዎት፣ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል ሳሙና ከመቀያየር በፊት የጥርስ ሐኪም ያሳዩ።