ባቱ ሐይቅ ዳር ያለው አሳ ቤት፦ ለወይን ዊኬንድ የምትወጡ ምሳችሁን እዚህ ብሉ

በቀጥታ ወደ ገደለው ልግባ፣ ባቱ፣ ያው ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንላት ከተማ፣ ወይን ለመቅመስና ትንሽ ሪላክስ ለማድረግ የምትወጡ ከሆነ ፕላናችሁን ከምሳው ጀምሩ። ሌላው ሁሉ፣ የወይን እርሻው፣ ጀልባው፣ ሆቴሉ፣ በምሳው ዙሪያ ይገጣጠማል። ምሳው ደግሞ ሐይቁ ዳር ነው፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ትንሽ ራቅ ብለው ከተደረደሩት አሳ ቤቶች አንዱ ጋ። ታፔላ ስለሌለው በስም ልነግራችሁ አልችልም ግን አትሳሳቱም፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበርና ጠረጴዛ፣ አጠገቡ ትልቅ ግራር፣ መጥበሻው ደግሞ ውጭ ነው፣ ሴትየዋ ፊት ለፊታችሁ ነው የምትጠብሰው።

የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ እና ሁለት ጓደኞቻችን ነን። አማቴን የጠቀስኩት በምክንያት ነው፣ ወደ ወይኑ ስንደርስ ትመጣለች።

መጀመሪያ ያዘዝነው አሳ ጥብስ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፣ ሙሉውን ከነጭንቅላቱ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ በጋለ ዘይት የተጠበሰ። አዲስ አበባ የምንበላው አሳ መንገድ ላይ ይቆያል፣ ፍሪዘር ይገባል፣ ይወጣል፣ ከዛ ሥጋው ውሃ ይይዝና መጥበሻ ላይ ይፈራርሳል፣ ያንን የለመደ ሰው እዚህ ሲመጣ ሌላ ምግብ የበላ ነው የሚመስለው። ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ስለሆነ ቆዳው ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ነጭና እርጥብ ነው፣ በጣት ነካ ስታደርጉት ከአጥንቱ በራሱ ይለቃል፣ ያ ጭቃ ጭቃ የሚል ሽታ ጭራሽ የለውም። ዘይቱ ደግሞ ንጹህ ነበር፣ ይሄንን አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ፣ እናንተም እዩ፣ ጥቁር ብሎ የሚጨስ ዘይት ካያችሁ ወደሚቀጥለው ቤት እለፉ፣ ብዙ ቤት አለ።

ከጎኑ ዳጣ፣ ሎሚ፣ ዳቦና እንጀራ ይመጣል። ዳጣው በአረንጓዴ ቃሪያ የተፈጨ ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በደንብ ይታወቃል፣ ኃይለኛ ነው፣ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለብቻ በትንሽ ሳህን አስደርጉት።

ጉላሹ ጥሩ ነው ግን ከጥብሱ ይበልጣል አልልም። የሚያስደስተው ቲማቲሙ ነው፣ ከመቂ እስከ ባቱ ያለው መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት የሚመረትበት ስለሆነ ሥጎው ውስጥ የገባው ቲማቲም ጣፋጭና የበሰለ ነው፣ በርበሬውን በልክ አድርገውታል፣ እንጀራው ከስር እየጠጣው ሲመጣ በጣም ይጣፍጣል። ሾርባውን ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ፣ ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ ነው የሚሠራው፣ ሎሚ ጨመቅ፣ ቃሪያ ጣል፣ በቃ። ኮተሌቱን ግን ተዉት፣ ዱቄቱ በዝቶበት አሳውን አፍኖታል። ኮተሌትና ጉላሽ ስታዙ ደግሞ ምን አሳ እንደሆነ ጠይቁ፣ አንዳንዴ አምባዛ ወይ ካርፕ ይሆናል፣ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ አምባዛ ቅባት አለው፣ ጉላሽ ላይ እንዲያውም ይሄዳል፣ ግን በቆሮሶ ዋጋ መከፈል የለበትም።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ፣ ትንንሾቹን አታዝዙ። ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶው እየቀነሰ መሆኑን እዛ ያለ አሳ አጥማጅ ሁሉ ይነግራችኋል፣ ጉድጓዱ ጠባብ የሆነ መረብ ገና እንቁላል ያልጣለውን ሳይቀር ጠርጎ ያወጣል፣ እኛ ደግሞ ሳህን ሙሉ ትንንሽ አሳ በርካሽ አገኘን ብለን ስንደሰት ይሄንን እያበረታታን ነው። አንድ ትልቅ ለሁለት ሰው ተካፈሉ፣ ሥጋውም ይሻላል፣ እሾሁም አያስቸግርም።

አሁን ወይኑ። ባቱ የወይን ከተማ መሆኗን ስንቶቻችን በደንብ እንደምናስበው አላውቅም፣ እኔ እዛ ቆሜ ሳየው ነው በትክክል የገባኝ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የሆነው የፈረንሳዩ ካስቴል እዚህ ከተማው አጠገብ ወይን ተክሎ፣ ጠምቆ፣ እዚሁ ነው ጠርሙስ ውስጥ የሚከተው፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ሪፍት ቫሊ የሚለው ደረቁ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ነው፣ ቀዮቹ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን እና ነጩ ሻርዶኔ፣ አካሺያ የሚለው ደግሞ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ያለው፣ ቀይም ነጭም ሮዜም አለው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንዲህ ቆላ በሚመስል ቦታ ወይን እንዴት ይሆናል ብትሉ ቦታው ከባህር ወለል በላይ ወደ 1600 ሜትር ነው፣ ቀን ይሞቃል ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ አፈሩ አሸዋማ ነው፣ ወይን ደግሞ ይሄንን ይወዳል። እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል፣ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባ ተብሎ ነው፣ ወደ 2 ሜትር ስፋት አለው። ፈረንሳይ ያለ ወይን ገበሬ ጉማሬ አያሰጋውም መቼስ።

አሳ ቤቱ ወይን አይሸጥም፣ ቢራና ለስላሳ ብቻ ነው ያለው። ግን ይዛችሁ ግቡ ይሏችኋል፣ እኛ ከተማ ውስጥ ካለ ሱቅ አንድ ሻርዶኔ፣ አንድ ሲራ እና ለአማቴ አካሺያ ሮዜ ገዝተን ገባን፣ አስተናጋጇ ልጅ "እማማ ሞቋል፣ ቆይ ላቀዝቅዝልዎት" ብላ በረዶ የሞላ ባልዲ ይዛ መጣች፣ እንዲህ ዓይነት መስተንግዶ ኮከብ ካላቸው ቦታዎች ሁሉ አላገኘሁም፣ ገንዘብም አልጠየቀችንም፣ እኛው ነን በጉርሻ ያካካስነው። ብርጭቆው የሻይ ብርጭቆ ነው፣ ቅር የሚላችሁ ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ፣ መክፈቻም እንደዛው።

ሻርዶኔው ከጥብሱ ጋር ልክ ነው። በደንብ ቀዝቅዞ፣ አሳው ላይ ሎሚ ተጨምቆበት፣ አንድ ጉርሻ አንድ ጉንጭ፣ ወይኑ ያለው ኮምጠጥ የሚል ነገር ዘይቱን ከአፋችሁ ጠርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃችኋል። ብዙ ጊዜ ነጭ ወይን በስፕራይት እንቀላቅላለን፣ የሚወድ ይጠጣ፣ ግን እባካችሁ እዚህ ጋ የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንዲሁ ሞክሩት።

ዳጣው ሲመጣ ግን ነገሩ ተቀየረ። ደረቅ ወይን በሚያቃጥል ነገር ላይ ሲጠጣ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ ሻርዶኔውም ሲራውም ዳጣ በነካ ጉርሻ ላይ ጣዕማቸው ጠፋና አፍ የሚፈጅ ብቻ ሆኑ። በዚህ መሀል አማቴ ዳጣውን አሳው ላይ እየለቀለቀች ሮዜዋን በደስታ ትጠጣለች። ቀመስኩ። እሷ ናት ልክ። ያቺ ትንሽ ጣፋጭነት ቃሪያውን ታበርደዋለች፣ ቃሪያው ደግሞ ወይኑ እንዳያሰለች ያደርገዋል። ከዛ በኋላ ሁላችንም ወደሷ ጠርሙስ ነው የሄድነው። ወይን እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ጣፋጩን ይንቁታል፣ የኛን ምግብ ግን አስቡት፣ በርበሬ ነው፣ ሚጥሚጣ ነው፣ ዳጣ ነው፣ አዋዜ ነው፣ ለዚህ ማዕድ ለስላሳው ወይን ቦታ አለው፣ ጠጅ እንኳ ስንት ዘመን ከጥሬ ሥጋና ከሚጥሚጣ ጋር የኖረው ለዚሁ ይመስለኛል። ሲራውን ለጉላሹ አቆዩት፣ ቀይ ነው ብላችሁ ደግሞ ሙቅ እንዳትጠጡት፣ የባቱ ቀትር ላይ የክፍል ሙቀት የሚባል ነገር አይሠራም፣ ለትንሽ ደቂቃ ባልዲው ውስጥ ይግባ።

የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ማታ ያረፍንበት ሆቴል (ስሙን አልጠራም) ሬስቶራንት ውስጥ ወይን ስንጠይቅ ነጩ የለም ተባልን፣ ቀዩ ደግሞ መስኮት ስር ፀሐይ ሲመታው በዋለ መደርደሪያ ላይ ቆሞ የነበረ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ጣዕሙ የተቀቀለ ፍሬ ሆኗል። ወይኑ የሚጠመቅበት ከተማ ውስጥ! አስተናጋጆቹ ላይ አልፈርድም፣ ማንም አላሳያቸውም። ግን የባቱ ሆቴል ቤቶች አንድ ፍሪጅ ለወይን ቢለዩ፣ ከየትኛው ምግብ ጋር የትኛው እንደሚሄድ ለልጆቹ አንድ ከሰዓት ቢያስቀምሷቸው፣ ሰው ከአዲስ አበባ ለዚህ ብቻ ብሎ ይመጣል፣ አሳው አለ፣ ሐይቁ አለ፣ ወይኑ አለ፣ የቀረው ማገናኘት ነው።

ፕላኑን ለሚጠይቁኝ፦ ቅዳሜ በጠዋት ውጡ። በፈጣን መንገዱ ቢሾፍቱን አልፋችሁ ሞጆ፣ ከዛ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው፣ በጠቅላላ ከአዲስ አበባ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ እንዴት እንደሆነ እዛ አካባቢ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ሳይመሽ መድረስም ሳይመሽ መመለስም ነው ያለባችሁ። ዕቃችሁን ሆቴል አስቀምጡ፣ መኪናውንም እዛው ተዉት፣ ሐይቁ ድረስ በባጃጅ ሂዱ፣ እንዲህ ከሆነ ሹፌሩም ሳይሳቀቅ ይጠጣል። ምሳ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ድረሱ፣ ከዛ በኋላ ትልልቁ አሳ ያልቃል፣ የጾም ወቅት ከሆነ ደግሞ ወንበር ለማግኘት ቀደም በሉ። ዋጋው በአሳው መጠን ስለሆነ ጥሬውን አይታችሁ፣ ተስማምታችሁ፣ ከዛ ይጠበስ።

የወይን እርሻውን ማየት ከፈለጋችሁ በር ላይ ሄዶ መቆም አይሠራም፣ እርሻና ፋብሪካ ነው፣ ሳምንቱ ውስጥ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ የሚቀበሉበትን ቀን አረጋግጡና ዊኬንዱን በዛ አስተካክሉ፣ ዓርብ መውጣት ካለባችሁም ውጡ።

እሁድ ጠዋት ጀልባ። ቀትር ካለፈ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል፣ ስለዚህ በጠዋት፣ ላይፍ ጃኬት ሳይሰጧችሁ አትሳፈሩ። ቅርብ ቅርቡን ዞራችሁ ጉማሬና ፔሊካን አይታችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ ጊዜ ካላችሁ ግን ቱሉ ጉዶ፣ ደብረ ጽዮን የምትባለው ደሴት ሂዱ፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው መጥተው እዚህ 70 ዓመት አኖሯት ተብሎ ሲነገር የኖረባት ናት፣ ደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛይ የሚባሉት ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ አማቴ እዛ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ብዙ ቆየች፣ ማንም አልቸኮለባትም። ጉዞው ረጅም ነው፣ ውሃና ዳቦ ያዙ።

ልጆች ካሏችሁ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች አሳዩዋቸው፣ አሳ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት ለመልቀም ጀልባ ማቆሚያው ጋ ነው የሚውሉት፣ ሰው አይፈሩም፣ ቁመታቸው የትንሽ ልጅ ያህል ስለሆነ ግን ሕፃናቱን ብቻቸውን እንዳትለቁ። ማታ ማታ ትንኝ አለ፣ አካባቢው ወባ ያለበት ነው፣ የሚቀባ ነገርና እጅጌው ረጅም ልብስ አትርሱ፣ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ወደ አሳ ቤቱ ልመለስና ጉድለቱን ልናገር፣ ሽንት ቤቱ መስተካከል አለበት፣ እጅ መታጠቢያው ጋ ሳሙና አልነበረም፣ ሲበዛባቸው ደግሞ ትዕዛዝ ይዘገያል፣ ጉላሹ ከጥብሱ ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። ከ5 ስሰጥ ጥብሱ 5፣ ሾርባው 5፣ ጉላሹ 4፣ ኮተሌቱ 2፣ ንጽህናው 3፣ የልጅቷ መስተንግዶ 5። ለአራት ሰው ሁለት ትልቅ ቆሮሶ ጥብስ፣ አንድ ጉላሽ፣ ሾርባ በየሰዉ፣ አንድ ሻርዶኔና አንድ አካሺያ ሮዜ ይበቃችኋል፣ ሻርዶኔውን ዳጣው ሳይመጣ ጀምሩት።