ዓባይ ላይ እራትና ቤሊ ዳንስ፦ ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዩት

ቤሊ ዳንስን በአካል አይቶ የማያውቅ ሰው ካይሮ ላይ ከምሽት ክበብ ይልቅ በእራት መርከብ ቢጀምር ይሻለዋል። ክበቦቹ ዘንድ ታዋቂዎቹ ዳንሰኞች የሚወጡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። መርከቡ ግን ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ገደማ ተነስቶ ዓባይ ላይ 2 ሰዓት ያህል ተንሸራሽሮ ይመለሳል፤ ቡፌው፣ ዘፋኙ፣ ቤሊ ዳንሱና ተኑራ የሚባለው በሰፊ ቀሚስ እየተሽከረከሩ የሚጨፈር ትርኢት በአንድ ዋጋ ይካተታሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ግን ሙዚቃው በባንድ ነው ወይስ የተቀዳ ብለው ይጠይቁ። የምሽቱን ጣዕም የሚወስነው ይህ ነው። ታብላ ሶሎ በሚባለው ክፍል ዜማው ሁሉ ዝም ይልና ከበሮው ብቻውን ይቀራል። መቺው መሃሉን ሲመታ ወፍራሙ «ዱም»፣ ጠርዙን ሲመታ ቀጭኑ «ተክ» ይወጣል፤ ዳንሰኛዋ ዱሙን በዳሌዋ ትጥላለች፣ ተኩን በትንሽ ፈጣን ምት ትመልሳለች፣ ከበሮው ሲንደቀደቅ ትንቀጠቀጣለች። መቺው ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም፤ ስትቆም ይቆማል፣ ተመልካቹ ሲሞቅ ያረዝምላታል። በተቀዳ ሙዚቃ ይህ ሁሉ የለም፤ ጎበዝ ዳንሰኛ እንኳ ዘፈኑን ከማሳደድ አታልፍም።

በእስክስታ ያደገ ዓይን ወደ ትከሻ መሄዱ አይቀርም። እዚህ ዳሌውን ይከተሉ። ዳሌዋ እየተንቀጠቀጠ ደረቷና ትከሻዋ ጸጥ ካሉ ችሎታ አላት ማለት ነው፤ መላ ሰውነቷ አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ገና ናት። ሆዷ ላይ የሚታየው ስስ መረብ የግብፅ ደንብ የሚጠይቀው ነው።

መቀመጫ ሲይዙ መስኮቱን ይተዉት፤ ወንዙን ያሳያል እንጂ መድረኩን አያሳይም። ከዳንሱ ወለል ሁለተኛው ረድፍ፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለው ይመረጣል። ምግብዎን ቀደም ብለው ያንሱ። ብዙ ሰው ቡፌ ላይ ተሰልፎ እያለ ዳንሰኛዋ በሻሽ ተሸፍና የምትገባበት የመክፈቻ ሙዚቃ ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1926 ዳንሰኛዋ ባዲዓ ማሳብኒ ካይሮ ላይ ከከፈተችውና እነ ሳሚያ ጋማልን የመሰሉ ታዋቂ ዳንሰኞች ከወጡበት የምሽት ክበብ ወዲህ ዳንሱ የመድረክ ጥበብ መልክ ይዟል፤ ዳንሰኛዋ ወደ መድረክ የምትገባበት መንገድም የጥበቡ ክፍል ነው።

ያጨብጭቡ፤ እልልታም ግብፆች የሚወዱት ነው። ገንዘብ ልብሷ ላይ መሰካት ግን ነውር ነው። እንዲጨፍሩ ስትጋብዝዎ ካልፈለጉ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ፈገግ ይበሉ፣ ትረዳዎታለች። ካሜራ ካነሱ ፍላሹን ያጥፉ።

ሲሳፈሩ የሚያነሱዎትን ፎቶ መጨረሻ ላይ አትመው ያመጡልዎታል፤ የመግዛት ግዴታ የለብዎትም። መጠጥ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈላል። የ14 በመቶ ታክስና የ12 በመቶ አገልግሎት ዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። በረመዳን ቤሊ ዳንሱ ብዙ ቦታ ስለሚቀር፣ ለእሱ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ሌላ ወር ይምረጡ።