የክሜልኒትስኪ ሁለት ውጊያዎች፦ ኮርሱንና ቤሬስቴችኮ

ከእነዚህ ሁለት ውጊያዎች የትኛው ይበልጣል ቢባል፣ መልሴ እንደ መለኪያው ይለያያል። የዩክሬን ኮሳኮች (ነፃ ተዋጊዎች) መሪ ቦህዳን ክሜልኒትስኪ በፖላንድ አገዛዝ ላይ ሲነሳ የክሪሚያ ታታሮች ከጎኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1648 ኮርሱን ላይ ይህ ወዳጅነት ሰመረለት። የእሱ አዛዥ ማክሲም ክሪቮኒስ ቀድሞ ጫካ ገብቶ መንገዱን በጉድጓድ ቆረጠው። የፖላንዶቹ ሠረገሎችና መድፎች ሸለቆው ውስጥ ተደራርበው ቀሩ። ሁለቱም አዛዦቻቸው፣ ፖቶትስኪና ካሊኖቭስኪ፣ ተማረኩ። በጦር ስልት ከሆነ እኔ ኮርሱንን አስቀድማለሁ። ግን በዚያው ዓመት ዓመፀኞቹ የጨፈጨፏቸውን አይሁዶች ሳላነሳ ድሉን ብቻ ማወደስ አልችልም።

በ1651 ቤሬስቴችኮ ላይ ያው ወዳጅነት ጉድ ሠራው። በሦስተኛው ቀን የታታሮቹ ገዥ ካኑ ሸሸ፤ ክሜልኒትስኪም አብሮት ከጦር ሜዳው ራቀ። ኮሳኮቹ ዋና መሪያቸውን አጥተው ረግረግ ዳር በሠረገላ ምሽግ ተከበቡ። ጽናት ካላችሁኝ ግን እዚህ ነው፤ የኮሳክ አዛዡ ኢቫን ቦሁን በረግረጉ ላይ መሻገሪያ አሠርቶ ከሞት መንጋጋ ብዙዎችን አወጣ።