አሥራ አንድ ወር በፑሽ ስታርት፦ ሻጩ «ቀስ ብለህ ታስቀርጸዋለህ» ያለኝ ቁልፍ

ደብረ ብርሃን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። አክስቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ቀብሩ አዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ነው፣ መንገዱ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የመኪናዬን በር እጀታ ብነካ ዝም፣ ሪሞቱን ብጫን ዝም። ከቁልፉ ውስጥ የተደበቀችውን ብረት አውጥቼ በሩን ከፈትኩ፤ ሞተር ማስነሻውን አዝራር፣ ፑሽ ስታርት የሚሉትን፣ ስጫን ግን ዳሽቦርዱ ላይ «ቁልፍ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው!

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2015 ሥሪት ናት፣ በዱባይ በኩል የገባች። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ነዳጅ አትበላም፤ ስለዚያ ሌላ የምለው የለኝም።

አንድ ሰዓት ያህል ከታገልኩ በኋላ ከጎረቤት ጋራዥ የመጣ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑን ይርገጡና ቁልፉን ራሱን አዝራሩ ላይ ያስጠጉት» አለኝ። አስጠጋሁት፤ ጢጥ አለና ሞተሩ ተነሣ። አክስቴ መረቁት። ለቀብሩም ደረስን።

ባትሪው ካለቀ ቁልፍ እንዴት ሞተር ያስነሣል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ፤ አነበብኩ፣ ባለሙያም ጠየቅሁ። ያቺ ጥቁር ፕላስቲክ በሆዷ የያዘችው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንደኛው ሬዲዮው ነው። እጀታውን ስነካ መኪናዋ በ125 ኪሎኸርዝ ሞገድ ትጣራለች፤ ጥሪዋ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ቁልፉ ይሰማና እንደተሠራበት ገበያ በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ ይመልሳል። ለዚህ ኃይል የሚሰጠው ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። የእኔው አርጅቶ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ጨረሰው።

ሁለተኛው የኢሞቢላይዘሩ፣ ማለትም ትክክለኛው ቁልፍ ከሌለ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያግደው ሥርዓት፣ ቺፕ ነው፤ እርሱ ባትሪ አይፈልግም። ከአዝራሩ ጀርባ ያለው የመዳብ ጥምጥም መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ቺፑም ኃይሉን ከዚያው ያገኛል። መኪናዋ በየጊዜው የሚለዋወጥ ጥያቄ ታቀርብለታለች፤ እርሱ በውስጡ በያዘው ምስጢራዊ ቁጥር አስልቶ ይመልሳል። መልሱ ካልገጠመ የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተሩን አያስነሣም። ምቾቱ ከሬዲዮው ነው፤ ጥበቃው ከቺፑ። ሻጩ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ፑሽ ስታርት ናት፣ ሌባ አይነካትም» ብሎ ሸጠልኝ።

ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ቃሉ ነው። መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ብቻ ስትሰጠኝ፣ «ሁለተኛውን ቀስ ብለህ ታስቀርጸዋለህ» አለኝ። ወንድሜ፣ ምኑ ነው የሚቀረጸው? ብረቱን መርካቶ ያለ ቁልፍ ቀራጭ በደቂቃዎች ያወጣዋል፤ በሩንም ይከፍታል። ሞተሩን ግን አያስነሣም፤ ቺፑ በመኪናዋ ኮምፒውተር መመዝገብ አለበት። አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጅ እያለ ምዝገባው ቀላል ነው። ያ አንዱ ከጠፋ ግን ኮምፒውተሩን ፈትቶ ከሥር መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል። ለወራት እንዲህ ባለ አደጋ ላይ ስነዳ ነበር፤ ይህን እያወቀ ያልነገረኝን ሰው ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ አንድ ሠራተኛ «ኢሞቢላይዘሩን አንሥቼ ልገላግልህ» አለኝ። ተቆጣሁ። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ፣ በካናዳም ከ2007 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች ግዴታ የሆነው ያለ ምክንያት ነው? አሜሪካ ግዴታ አላደረገችውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 እዚያ ከተሸጡት የኪያና የሀዩንዳይ መኪናዎች ብዙዎቹ፣ በተለይም በሚዞር ቁልፍ የሚነሡት፣ ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም። የመሪውን ሥር ሽፋን ገንጥሎ በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ማስነሣት እንደሚቻል በቪዲዮ ሲሰራጭ ወጣቶች በየሰፈሩ ይሰርቋቸው ጀመር። እና እኔ ገንዘቤን ከፍዬ መኪናዬን እንደ እነዚያ ላድርጋት?

መጠርጠር ያለበት ሬዲዮው ነው። የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 8 አምራቾች የሠሯቸውን 10 ሞዴሎች ቁልፉ ሩቅ እያለ ከፍተው ለማስነሣት ሞክረው ሁሉም ላይ ተሳክቶላቸዋል። ምስጢሩን አልፈቱም፤ የመኪናዋን ጥሪ ተቀብለው ቤት ውስጥ እስካለው ቁልፍ አደረሱት እንጂ። ቁልፉ በአንድ ሜትር ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ይመልሳል። እኔ ደግሞ ቁልፌን የምሰቅለው ሳሎን፣ መኪናዋ ከቆመችበት ግድግዳ ጀርባ ነበር! አሁን ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይተኛል። ጣሳውን በእጄ ይዤ እጀታውን ነካሁት፤ አልከፈተም።

መኪናዋን በመግዛቴ አልጸጸትም። በአንድ ቁልፍ መግዛቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሶማሌ ተራ አካባቢ ሁለተኛውን ያስመዘገብኩበት 14,000 ብር ከዋጋው ላይ መቀነስ ነበረበት። አዲሱን ቁልፍ አክስቴ ዘንድ አኑሬዋለሁ፣ ባትሪው ወጥቶ። ባትሪ ስለሌለው ለማንም ጥሪ አይመልስም። በየወሩ ስጠይቃቸው ተቀብዬ አዝራሩ ላይ አስጠጋዋለሁ፤ እስካሁን አንድም ቀን ሳያስነሣ አልቀረም።