ዋጋ ከመንገሩ በፊት ወለል ለሚበሳው የኮምቦልቻ ሊፍት ገጣጣሚ ምስጋናችን ይድረሰው

በደሴና በኮምቦልቻ በየግቢያችን ጋራዥ የመኪና ሊፍት ያስተከልን ሰዎች ነን። ይህን የጻፍነው ኮምቦልቻ ውስጥ በሊፍት ገጠማና ጥገና የሚተዳደር አንድ ወንድማችንን ለማመስገን ነው። ስሜ አደባባይ አይውጣ ስላለን አናወጣውም። እጁን ቁርጥማት አይንካው! አሠራሩን በዝርዝር የምናስቀምጠው ደግሞ እሱን ባታገኙት እንኳ ሌላውን ገጣጣሚ በዚሁ ልክ እንድትጠይቁት ነው።

ብዙ ሻጭ ገና ከበር ዋጋ ይጠራል። እሱ ትራፓኖና ሜትር ይዞ ይመጣል። የሊፍቱ ምሰሶ የሚቆምበትን ቦታ በ14 ሚሊ ሜትር መብሻ እስከ አፈሩ ድረስ ይበሳና ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ይሰዳል። ሽቦው የኮንክሪቱን የታች ጠርዝ ሲነክስ ከላይ በጥፍሩ ይይዘዋል፣ ያወጣዋል፣ ይለካዋል። የሚወጣውን ዱቄትም በጣቱ አሽቶ ያየዋል፤ መብሻው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ከወረደ ኮንክሪቱ ሲሚንቶ ጎድሎታል ማለት ነው። የባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መመሪያዎች እንደየአምራቹ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ኮንክሪት ይጠይቃሉ። የመኖሪያ ቤት ወለል ግን ብዙ ጊዜ በድንጋይ ሙሌት ላይ የፈሰሰ ስስ ኮንክሪትና ሊሾ ነው። ለቆመ መኪና ይበቃል፣ ለሊፍት አይበቃም።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። መኪና ሲነሳ ምሰሶው ወደ ታች ብቻ አይጫንም። መኪናውን ከሥር የሚይዙት ክንዶች ወደ መሐል ስለተዘረጉ ክብደቱ የምሰሶውን አናት ወደ መኪናው ያጋድለዋል፤ ያን ጊዜ በውጭ በኩል ያሉት ቡሎኖች ከወለሉ ሊነቀሉ ይሳባሉ። ስለዚህ ሊፍቱ 40 ኩንታል ያንሳ 50 ኩንታል፣ የሚይዘው ቡሎኑ የነከሰው ኮንክሪት ነው። ሴራሚክ ወይም አስፋልት ላይ ቡሎን መምታትማ ጨርሶ አይታሰብም።

እኛ አገር ላይ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። የደሴ ግቢ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ተዳፋት ስለሆነ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ በሙሌት የተስተካከለ ነው። አንዱ ምሰሶ በተቆረጠው፣ ሌላው በሙሌቱ ላይ ከቆመ፣ ክረምቱ አልፎ ሙሌቱ ሲሰጥም ምሰሶው ያዘነብላል። ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ በኩል ደግሞ መረሬ አፈር አለ፤ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የተሸከመውንም ወለል አብሮ ይሰነጥቃል። እሱ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥመው ለየምሰሶው ለየብቻ ጉድጓድ አያስቆፍርም። መረሬውን አስወጥቶ ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) አስሞልቶ በደንብ ካስጠቀጠቀ በኋላ 4 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ኮንክሪት ያስፈስሳል። ይህ 1.5 ሜትር ኩብ ነው፤ በሲ 25 የጥንካሬ ደረጃ፣ ማለትም 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ3 ጠጠር ሲቦካ 11 ከረጢት ገደማ ሲሚንቶ ይፈጃል። ፌሮው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይታሰራል። የፌሮውን መስመር ከመሙላቱ በፊት ግድግዳ ላይ በኖራ ያሰምራል፤ ኋላ መብሻው ፌሮ ላይ እንዳያርፍ ነው። 7 ቀን ውሃ ይጠጣል፣ 28 ቀን ሳይሞላው መኪና አይነሳበትም። የሚጣደፍ ደንበኛ ካለ ሥራውን ይተውለታል እንጂ ቀኑን አያሳጥርም። እዚህ ላይ ነው ከሁሉም በላይ ያከበርነው።

ቡሎን ሲመታ ቀዳዳው የቡሎኑ ቁጥር ነው፣ አንድ ሚሊ አይሰፋም። ዱቄቱን በነፋስ ጨርሶ ያስወጣል፤ ዱቄት ከቀረ ሲጠብቅ የሚሰፋው የቡሎኑ ጉንጭ ኮንክሪቱን ሳይሆን ዱቄቱን ይነክስና ዳዶው ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል። የሚዞር ቡሎን ሮንዴላ በመደራረብ አይድንም፤ ቦታው መቀየር አለበት። ከኮንክሪቱ ጠርዝና ከስንጥቅ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ምሰሶውን ቀጥ ለማድረግ ከሥሩ የሚገባው ላሜራ ብረት ብቻ ነው፣ ድምሩም ከ12 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ማጥበቂያው በመለኪያ መፍቻ በመመሪያው ቁጥር ልክ ነው፤ በማግስቱ ተመልሶ ይፈትሸዋል፣ ከዚያ በየ3 ወሩ እናንተ ትፈትሻላችሁ።

የከፍታውን ሒሳብ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። የመኪናው ቁመት፣ የምትፈልጉት የማንሻ ከፍታ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር። ሃይሉክስ 1.8 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ከሥሩ ቆሞ እንዲሠራ 1.8 ሜትር ሲነሳ 3.7 ሜትር ቁመት ይፈልጋል። ቪትዝ 1.5 ስለሆነ 3.4 ይበቃዋል። ሁለቱን ምሰሶ የሚያያይዘው ገመድ ከላይ የሚያልፍበት ሊፍት ራሱ ምሰሶው 3.6 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ገመዱ በወለል የሚያልፈው ግን 2.8 ሜትር ገደማ ስለሆነ 3 ሜትር ቤት ውስጥ ይገባል፤ አደጋውም እዚያው ነው፣ ጣሪያ ሲደርስ የሚያቆመው ማጥፊያ የለውምና። ወንድማችን ለየመኪናው ምሰሶው ላይ ቀይ መስመር ቀብቶ ነው የሚሄደው፤ ቪትዝ እስከዚህ፣ ሃይሉክስ እስከዚህ። ቤቱ ከዚህም ዝቅ ካለ 1 ሜትር ወይም 1.2 ሜትር የሚያነሳውን የመቀስ ሊፍት ይመክራል። ለፍሬንና ለጎማ ሥራ ጥሩ ነው፤ ካምቢዮ ለማውረድ ግን መሐሉን ይዘጋል።

ደኅንነቱን ከጥርሱ፣ ማለትም ምሰሶው ውስጥ ሆኖ ክንዱ እንዳይወርድ ከሚቆልፈው ብረት እዩት። መኪና በዘይት ግፊት ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ከሥሩ አይገባም፤ መጀመሪያ ወርዶ በብረት ጥርሱ ላይ መቀመጥ አለበት። ሲነሳ የሁለቱም ምሰሶ ጥርስ አንድ ላይ «ቋ» ማለት አለበት። «ቋ-ቋ» ካለ ሁለቱን ወገን እኩል የሚያስነሳው ማመጣጠኛ ገመድ በአንዱ በኩል ረግቧል። ወንድማችን በሁለቱ ምሰሶ መሐል ቆሞ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል፣ ከዚያ የሁለቱን ክንድ ከወለል ለክቶ እኩል እስኪሆን ገመዱን ያጠብቃል። ክሩ የተበጠሰ ገመድ አይጠገንም፣ ይቀየራል። የክንዱ መቆለፊያም 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል በእጅ ተገፍቶ ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ያገለገለ ሊፍት ልትገዙ ከሆነ የጥርሱ ቦታ ወይም የክንዱ ሥር በብየዳ ከተነካካ ተዉት። አቅሙ የተለጠፈው በወረቀት ሳይሆን ተከታታይ ቁጥር ባለው ብረት ይሁን። የአውሮፓው መመዘኛ ኢ ኤን 1493 ነው፣ የአሜሪካው ደግሞ የኤ ኤል አይ (የመኪና ሊፍት ተቋም) ምልክት ነው፤ ምልክቱን ብቻ አትመኑ፣ የምስክር ወረቀቱን ቁጥር ጠይቁ።

ስለ መብራት። 2.2 ኪሎ ዋት ሞተር በ220 ቮልት ሲሠራ 15 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ እጥፍ ድርብ። ስለዚህ ከቆጣሪው ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፤ በማራዘሚያ ሶኬት አይሆንም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ቀርፈፍ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። የሞተር አቅም የሚጻፈው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለው አየር ስለሆነ በደሴ አየር ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፤ ደጋግማችሁ ስታነሱ በመሐል አሳርፉት። መኪናው ከላይ እያለ መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፣ ጥርሱ ላይ ከተቀመጠ ያድራል። ለማውረድ ግን መጀመሪያ ጥቂት ከፍ ብሎ ከጥርሱ መላቀቅ ስላለበት የእጅ ፓምፕ ያለው ወይም በጄኔሬተር የሚሠራ ምረጡ። ጥርሱን በመዶሻ ለማስለቀቅ መሞከር ሰው ይገድላል።

ዘይቱ የሃይድሮሊክ ነው፤ ለደሴ ብርድ 32፣ ለኮምቦልቻ ሙቀት 46 ቁጥር። የሞተር ዘይትና የፍሬን ዘይት አይገባም። ሊፍቱ ወርዶ ሳለ ሙሉት፤ ከፍ ብሎ ከተሞላ ሲወርድ ይገነፍላል።

አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይዘነጋል። ቪትዝና ኮሮላ ክብደታቸው ከፊት ነው፤ ሞተር ወይም ካምቢዮ ስታወርዱ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናው በጀርባው ሊገለበጥ ይችላል። ከማውረዳችሁ በፊት የኋላውን በረጅም የብረት መደገፊያ ያዙት። ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ሻንሲያቸው ላይ ነው የሚያዙት፤ የመኪናው የጎን መረገጫ ክንዱን ከከለከለ የሊፍቱን የራሱን ማስረዘሚያ ብረት ተጠቀሙ፣ እንጨትና ብሎኬት በፍጹም። ጎማው ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ሲለቅ አቁማችሁ መኪናውን ወዝውዙት፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ሊታይ ሲነሳ ሁሌም መጀመሪያ እንዲህ ነው።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ፈቃዱን ጠይቀን እንሰጣለን። ከመደወላችሁ በፊት የጣሪያችሁን ዝቅተኛ ቁመት፣ የጋራዡን ስፋት፣ ከቆጣሪው እስከ ጋራዡ ያለውን ርቀት ለኩና የመኪናዎቻችሁን ዓይነት ጻፉ። ወለሉን እሱ ራሱ መጥቶ ይበሳዋል።