ኮሪያኛ በስልክ ለመጻፍ የትኛው ኪቦርድ ይሻላል? ዱበልሺክ፣ ቸንጂኢን እና ናራትግል ሲነጻጸሩ

ኮሪያኛ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ ስልኩ መጀመሪያ ያቀረበለትን ኪቦርድ ይዞ ይቀራል። ምርጫው ግን ቀላል አይደለም። «አንንየንግሃሴዮ» የሚለውን ሰላምታ ለመጻፍ በዱበልሺክ 12፣ በናራትግል 18፣ በቸንጂኢን 22 ጊዜ መንካት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ለዱበልሺክ ያደላል፤ ግን የቁልፉን ስፋትና ጣት የት ላይ እንደሚሳሳት አይነግረንም።

ዱበልሺክ የኮሪያ ኮምፒውተሮች መደበኛ ኪቦርድ ነው። 14ቱ ተነባቢዎች በግራ፣ 12 አናባቢዎች በቀኝ ተቀምጠዋል። የኮሪያኛ ብሎክ (የአንድ ክፍለ ቃል ፊደላት በአንድነት የሚጻፉበት) ሁልጊዜ በተነባቢ ጀምሮ ወደ አናባቢ ስለሚሄድ ሁለቱ አውራ ጣቶች እየተፈራረቁ ይሠራሉ፤ ፍጥነቱ ከዚህ የመጣ ነው። ጠንካራዎቹ ተነባቢዎች በሺፍት ይወጣሉ። ጀማሪን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ፦ «ሃና» ሲጻፍ መሃል ላይ «ሃን» የሚል ብሎክ ይታይና የመጨረሻው «አ» ሲነካ «ን» ዘሎ ወደሚቀጥለው ብሎክ ይገባል። ስህተት ስላልሆነ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ኪቦርዱ «ን» የየትኛው ብሎክ እንደሆነ ማወቅ የሚችለው ቀጣዩን ፊደል ካየ በኋላ ነው። የዱበልሺክ ትልቁ ድካም ስፋቱ ነው። የላይኛው ረድፍ 10 ቁልፎች አሉት፤ 68 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ለአንዱ ቁልፍ 7 ሚሊሜትር እንኳ አይደርስም። በአንድ እጅ ለሚጽፍ ሰው ይህ በጣም ጠባብ ነው።

የሳምሰንግ ቸንጂኢን ይህን ችግር በ12 ቁልፍ ይፈታል። አናባቢ ሁሉ ከሦስት ቁልፎች ይሠራል፦ ነጥብ፣ አግድም ጭረትና ቁም ጭረት። ቁም ከዚያ ነጥብ «አ» ነው፤ ነጥብ ከዚያ ቁም «ኧ»፤ ነጥብ ከዚያ አግድም «ኦ»፤ አግድም ከዚያ ነጥብ «ኡ»። ነጥቡን ሁለቴ ከነኩት «ያ»፣ «የ»፣ «ዮ»፣ «ዩ» ይሆናሉ። እጅግ የሚያምር አሠራር ነው፤ የሃንግል (የኮሪያኛ ፊደል) አናባቢዎች ከመሠረቱ የተነደፉትም እንዲሁ ስለሆነ ፊደሉን ያወቀ ሰው በቀላሉ ይለምደዋል።

ጣጣው ያለው ተነባቢዎቹ ላይ ነው። «ን» እና «ል» አንድ ቁልፍ ይጋራሉ፤ አንዴ ሲነካ «ን»፣ ሁለቴ ሲነካ «ል» ይሆናል። «አንንየንግ» ውስጥ ግን ሁለት «ን» ተከታትለው ይመጣሉ። ሳያቋርጡ ከጻፉት ኪቦርዱ «ል» አድርጎ ይወስደውና ሰላምታው «አርየንግ» ይሆናል፤ ትርጉሙም ስፖርተኞች የሚያነሱት ዳምቤል። «የንግኧ» (እንግሊዝኛ) ላይም እንዲሁ ነው፦ ክቡ ፊደል ㅇ (በብሎክ መጀመሪያ ድምፅ የሌለው፣ መጨረሻ ላይ «ንግ» የሚሆነው) ከ«ም» ጋር ቁልፍ ስለሚጋራ ሁለት ክብ ሲከታተል «የመ» ይወጣል። መፍትሔው በመካከል ጥቂት መቆየት ወይም የቀስት ቁልፉን ነክቶ ብሎኩን መዝጋት ነው፤ 22ኛው ንክኪም ይኸው ነው። ኮሪያኛ ውስጥ «ን» እና ክቡ በብሎክ መጨረሻም መጀመሪያም እየደጋገሙ ስለሚመጡ ይህ መቋረጥ በየዐረፍተ ነገሩ ያጋጥማል። በዚያ ላይ ያለፈ ጊዜ ግሥ ላይ በብዛት የሚመጣው ጠንካራው «ስ» ሦስት ንክኪ ይፈልጋል።

በኤልጂ ስልኮች የታወቀው ናራትግል ከባለ 12 ቁልፍ ንድፎች ሁሉ የተሻለው ነው ብለን እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ1446 ንጉሥ ሴጆንግ ሃንግልን ይፋ ሲያደርጉ ጠንከር ያለው ድምፅ በመሠረታዊው ፊደል ላይ ጭረት እየተጨመረበት ይጻፍ ነበር። ናራትግል ይህንኑ ወደ ቁልፍ ቀይሮታል። መሠረታዊውን ፊደል ይነኩና «ጭረት ጨምር» የሚለውን ያስከትላሉ፦ «ግ» ወደ «ክ»፣ «ን» ወደ «ድ» ከዚያም «ት»፣ «ም» ወደ «ብ» ከዚያም «ፕ»፣ «ስ» ወደ «ጅ» ከዚያም «ች»፣ ክቡ ወደ «ህ» ይለወጣል። ሌላ ቁልፍ ደግሞ ተነባቢውን ያጠነክራል። ተነባቢ የሚለወጠው በእነዚህ ሁለት ቁልፎች ብቻ ስለሆነ «ን» ሁለቴ ሲነካ ሁለት «ን» ይሆናል፤ መቆየትም ሆነ ቀስት አያስፈልግም። «አ» እና «ኧ» ግን አንድ ቁልፍ ስለሚጋሩ «ኧ» ሁለት ንክኪ ትወስዳለች።

እ.ኤ.አ. በ2011 የኮሪያ መንግሥት ለተራ ስልኮች ቸንጂኢንን ብቻ፣ ለስማርት ስልኮች ደግሞ ቸንጂኢንንና ናራትግልን ከፓንቴክ ኩባንያ የስካይ ኪቦርድ ጋር አድርጎ መደበኛ አድርጓቸዋል።

መካከለኛ አማራጭ የሚፈልግ ዳንሞኡምን ይሞክር። «ያ»፣ «የ»፣ «ዮ» እና «ዩ»ን ከዱበልሺክ አውጥቶ ቁልፎቹን ወደ 22 ስለሚያወርድ በረድፍ ቢበዛ 8 ብቻ ይቀራሉ። «የ» ለማውጣት «ኧ»ን ሁለቴ መንካት ነው፤ ሰላምታውም በ14 ንክኪ ያልቃል። ሁለት «ግ» የሚገናኙበት «ሃክግዮ» (ትምህርት ቤት) ላይ ግን ቶሎ ቶሎ ከነኩ ሁለቱ ተዋህደው አንድ ጠንካራ ተነባቢ ይሆናሉ።

ለጀማሪ የምንመክረው ዱበልሺክን ነው፤ ስልክ ላይ የለመደው ጣት ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። በአንድ አውራ ጣት ብቻ ለሚጽፍ ናራትግል ይሻላል። ቸንጂኢን ለለመደው ሰው እንጂ ዛሬ ለሚጀምር አይመከርም። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግስ፣ ጀነራል ማኔጅመንት፣ ሳምሰንግ ኪቦርድ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ላንጉጅስ ኤንድ ታይፕስ ገብተው ኮሪያኛን ካወረዱ በኋላ ዓይነቱን እዚያው ይመርጣሉ። በጉግል ኪቦርድ በጂቦርድ ላይ ዱበልሺክ፣ ዳንሞኡምና ቸንጂኢን ይገኛሉ፤ አይፎን ላይ «10 Key» የሚባለው ቸንጂኢን ነው።

ዱበልሺክ ላይ «ኦ»፣ «ኧ» እና «አ» ጎን ለጎን ስለሆኑ የብዙ ጀማሪ ስህተት እዚያ ነው። የኮሪያኛን ድምፅ በላቲን ፊደል ከመያዝ በአማርኛ መያዝ እዚህ ይጠቅማል፤ ላቲኑ ሁለት ፊደል የሚደረድርላቸው eo እና eu ለእኛ «ኧ» እና «እ» ናቸውና ቃሉን ሲሰሙ የትኛውን ቁልፍ እንደሚነኩ ወዲያው ይለያሉ።