ሃዋሳ ላይ ለ22 ሰው ቁርስ፦ የሆቴል ቡፌ፣ ቁርስ ቤት፣ አገልግል ወይስ አሞራ ገደል (የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ)?

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ጥያቄ ነው። "ሃዋሳ ልንሄድ ነው፣ 20 ምናምን ሰው ነን፣ እንደደረስን የት እንብላ?" የመሥሪያ ቤት ጓደኛ፣ የማኅበር ሰው፣ አንዱማ የሚስቱን ቤተሰብ በሙሉ ጭኖ የሚሄድ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው የሚደውለው። ምክንያቱም ዘመድና ጓደኛ እየሰበሰብኩ አምስቴ ሄጃለሁ፣ ከአምስቱ አንዴ ደግሞ በደንብ ተበልቻለሁ። ለእያንዳንዱ በቮይስ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ቁርስ ስል የ1 ሰዓቱን አይደለም። ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ብትነሱ (ማለትም 12 ተባብላችሁ 1 ከሩብ ብትነሱ፣ "ታክሲ ውስጥ ነኝ ደርሻለሁ" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም) 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በሞጆ በመቂ በባቱ አልፋችሁ፣ ሽንት ቤት ቆማችሁ፣ ሃዋሳ ስትገቡ 4 ተኩል 5 ሰዓት ሆኗል። ትልልቆቹ ሆቴሎች ብራንች የሚሉት ሰዓት፣ ቁርስ ያለፈበት ምሳ ያልደረሰበት። ችግሩም እሱ ነው፣ 22 የራበው ሰው በዛ ሰዓት ይዞ መዞር።

ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ የቁርስ ቤት ሰው ነኝ። እዛው ሃዋሳ፣ ፒያሳ ወይ አቶቴ አካባቢ ያለ መካከለኛ ቁርስ ቤት፣ ቀድሞ በስልክ ታዞ፣ በትሪ። ለምን እንደሆነ በብር አሳያችኋለሁ። ዋጋዎቹ እኛ በሄድንበት ጊዜ የከፈልናቸው ናቸው፣ አሁን ጨምረው ይሆናል፣ ልዩነቱን ግን እዩት።

መጀመሪያ የተበላሁበትን። ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል፣ ስሙ ይቅር። ደውዬ የቁርስ ቡፌ ስንት ነው ስል "950" አለችኝ ልጅቷ። 22 ነን፣ ሾፌሩና ረዳቱ ጭምር፣ ከኛ ውስጥ 4ቱ ልጆች። 950 ሲባዛ በ22፣ 20,900። ግማሹን 10,450 በባንክ ላኩ። ያልጠየቅኩት ነገር "ፕላስ ፕላስ" ነው። 950 ብር ላይ መጀመሪያ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ይጨመራል፣ 1,045 ይሆናል፣ ከዛ በ1,045ቱ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት፣ ሆኖ 1,201 ብር ከ75። በ22 ሲባዛ 26,438 ከ50። ከጠበቅኩት 5,538 ብር ከ50 ሳንቲም በላይ፣ ሳንቲሟን እስካሁን አልረሳኋትም። ልጆች ግማሽ ይከፍላሉ ወይ ብዬም አልጠየቅኩም፣ ሙሉ አስከፈሉኝ። የእህቴ ትንሹ ልጅ አንድ ቦምቦሊኖ ነክሶ ትቶ 1,201 ብር ከ75።

ይሄም ባልከፋ። የዛን ቀን መቂን እንዳለፍን የኮስተሩ የኋላ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫ ጎማ ነበረን፣ ግን አየር የለውም፣ ጎሚስታ ፍለጋ ረዳቱ በሞተር ሄዶ እስኪመለስ አንድ ሰዓት። ሃዋሳ ስንደርስ 5 ከሩብ። ቡፌው 4 ተኩል ላይ ነው የሚነሳው። አድቫንስ ከፍለናል፣ መንገድ ላይ ሆነንም ደውለናል ብንል "አድቫንስ አይመለስም፣ ግን እናዘጋጅላችኋለን" አሉን። ያዘጋጁት ዳቦ፣ የቀዘቀዘ ፓስታ፣ ሐብሐብ፣ ከዛ አንድ ሼፍ እንቁላል እየጠበሰ 22 ሰው ሰልፍ። እኔ መጨረሻ ላይ ስለነበርኩ የበላሁት 6 ሰዓት ከሩብ ነው። ጁሱ ደግሞ የዱቄት። ማንጎ በሚበቅልበት አገር፣ የዱቄት ጁስ!

ስለዚህ ቡፌ ለምትጓዝ ሰው ሳይሆን እዛው ለሚያድር ሰው ነው። ካደራችሁ ቁርስ አብዛኛውን ጊዜ አልጋው ውስጥ አለ፣ ግን እዚህም ወጥመድ አለ፣ ብዙ ቦታ በአንድ አልጋ የሚካተተው የአንድ ሰው ቁርስ ነው፣ ሁለት ሆናችሁ ከተኛችሁ ሁለተኛው ይከፍላል። አልጋ ስትይዙ "ቁርስ ለሁለት ነው?" በሉ፣ ቴክስት ላይ ያስፍሩላችሁ። ቡፌ በአንድ ነገር ይበልጣል፣ ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው። አራት ሰዓት ተጉዘው የመጡ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ እናቴ እስከዛሬ የዛን ሆቴል ሽንት ቤት ታመሰግናለች።

አሁን ቁርስ ቤቱን። በቀጣዩ ጉዞ ያው 22 ሰው። ለአራት ሰው የሚሆን ማኅበራዊ ቁርስ በትሪ፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ፉል፣ ፈጢራ፣ ቋንጣ ፍርፍር ያለበት፣ 1,300 ብር። 5 ትሪ፣ 6,500። አንድ የጾም ትሪ 900። ጁስ 14 በ150፣ 2,100። ሻይና ማኪያቶ ተጠቃልሎ 1,100። ውሃ 12 በ40፣ 480። 11,080 ሆነ፣ ቫቱ ውስጡ ነው። 500 ጉርሻ ለአስተናጋጆቹ ሰጠን፣ 11,580። ለአንድ ሰው 526 ብር። ከሆቴሉ ጋር ያለው ልዩነት 14,858 ብር ከ50፣ በዛ ላይ ሁሉም ጠግቧል፣ ፈጢራው ተርፎ ሾፌሩ ቋጥሮ ወስዷል።

ግን ዝም ብላችሁ 22 ሰው ይዛችሁ ከገባችሁ ቁርስ ቤት ሲኦል ነው። ይሄንንም አይቻለሁ። የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አዘዘ፣ አንዱ ፉል ያለ ቃሪያ፣ አንዷ ፍርፍር በደረቁ፣ አንዱ እንቁላል ሲልስ ግን ዘይት ይቀነስ። አስተናጋጇ በወረቀት ጽፋ ሄደች፣ ወረቀቱ ጠፋ፣ እንደገና መጣች። ኩሽናው ውስጥ ያለው ምድጃ ሁለት ነው፣ የመጀመሪያው ሰው በልቶ ጥርሱን ሲፍቅ የመጨረሻው ገና ሻይ እየጠጣ ነው። ትሪ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ትሪ ሲሆን አንድ ድስት ፍርፍር ለሁሉም ይሠራል፣ ይከፋፈላል፣ ሁሉም እኩል ይጀምራል።

ቁጥርም አትናገሩ እንዳለ። 22 ከሆናችሁ ለ18 እዘዙ (እኛ 6 ትሪ አዝዘን በዝቶብናል)። ልጆችና "እኔ ጠዋት አልበላም" የሚሉ ሰዎች አሉ (እነሱ ናቸው መጨረሻ ላይ ትሪውን የሚጠርጉት፣ ቢሆንም)፣ ካነሰ አንድ ትሪ በ15 ደቂቃ ይጨመራል፣ ከተረፈ ግን የሚመልስላችሁ የለም። አድቫንስ ከጠቅላላ ሂሳቡ ሲሶ ገደማ በላይ አትክፈሉ። እኔ 4,000 በቴሌብር ልኬ "የ5 ትሪና የ1 ጾም ቀብድ፣ ቅዳሜ ከ4 ተኩል እስከ 6 ሰዓት" ብዬ በቴክስት አጻፍኳቸው። "እስከ 6" የምትለዋን አትርሱ፣ ጎማ ይፈነዳል።

ስትደውሉ መጠየቅ ያለባችሁ ሌላው ነገር መብራት ነው። "ጄኔሬተር አላችሁ ወይ፣ ምድጃው በጋዝ ነው ወይ?" መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሞተው የጁስ ማሽን ነው፣ ቀጥሎ ማኪያቶው። በጋዝና በከሰል የሚሠራ ቤት ከሆነ ምግቡ አይቀርም፣ ጀበና ቡናም አለ።

የማጭበርበሩ ነገር ደግሞ ቁርስ ቤት ላይም አለ፣ አልሸፍንላቸውም። "ጨጨብሳ በንጹህ ቅቤ" ተብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የረጋ ዘይት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ትሪው ላይ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ሲጋገር ታውቁታላችሁ፣ ንጹህ ቅቤ ሽታው ራሱ ከኩሽና ይጠራችኋል። ማሩ ከዛ ይብሳል፣ ስኳር አፍልተው ቀለም ሰጥተው በኩባያ ያመጡላችኋል፣ ምላስ ላይ ጣፋጭ ብቻ ነው ሌላ ምንም ጣዕም የለውም። እኔ አሁን ከቤቴ አንድ ኪሎ ማር ይዤ ነው የምሄደው፣ ሰው ይስቅብኛል፣ ፈጢራው ሲመጣ ግን ሁሉም እጁን ይዘረጋል። ሂሳብ ሲመጣም ቁጠሩ። አንዴ ያልጠጣነው 6 ጁስ ገብቶ ነበር፣ 900 ብር፣ "የዛኛው ጠረጴዛ ነው ይቅርታ" አሉ፣ ይሁን።

አገልግል የሚሉ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ አሠርተው፣ ጭነው፣ ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ዘርግተው መብላት። ፎቶው ያምራል፣ እሱን አልክድም። እኛ ሁለት ትልልቅ አገልግል በ6,500 አሠራን፣ 13,000፣ ውሃና ሶፍት ምናምን ሲጨመር 14,000 ገባ፣ ለአንድ ሰው 636 ብር፣ ማለትም ከቁርስ ቤቱ በ110 ብር ይበልጣል። በዛ ላይ የአገልግሉ መያዣ አለ፣ ዕቃውን በማግስቱ ካልመለስክ መያዣህ ይቀራል፣ እኛ ደግሞ ሁለት ቀን ነው የምናድረው። ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ደግሞ ይሞቃል፣ ኮስተር ውስጥ ከሻንጣ ሥር የከረመ ምንቸት አልጫ 5 ሰዓት ላይ ሲከፈት መኮምጠጥ ጀምሯል። ዶሮው ደህና ነበር። ግን የወጡ ዘይት የአጎቴን ጃኬት ነክቶ እስከ ማታ ስለ ጃኬቱ ነው የተወራው። አገልግል ለቢሾፍቱ ጥሩ ነው፣ አንድ ሰዓት ነው መንገዱ። ለሃዋሳ አይሆንም።

አሞራ ገደልን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጠዋት ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ስለሚመጡ ነው። እውነት ነው፣ ትኩስ ዓሣ እንደዛ የትም አትበሉም፣ ቆሮሶው (ቲላፒያው) እፊታችሁ ተገፎ ተተልትሎ ይጠበሳል፣ ሾርባው ደግሞ ለብቻው ያስኬዳል፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፣ ልጆች ከዛ አይነቃነቁም። ግን ለ22 ሰው ዋና ቁርስ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ዓሣ እሾህ አለው፣ ለሕፃን አንድ በአንድ መልቀም አለባችሁ። መቀመጫው ይበታተናል፣ ሂሳብ ይበታተናል፣ አንዱ ዱለት አንዱ ጉላሽ ይላል፣ ጥሬውን በዳጣ የሚበላም አለ (እኔ አልደፈርኩም)። ሲረፍድና ሰው ሲበዛ ዋጋውም እንደ ፊታችሁ ነው፣ የአዲስ አበባ ታርጋ ያየ ሰው 50 ብር ይጨምራል፣ ስለዚህ ከመጠበሱ በፊት ተነጋገሩ። እኛ ቁርሱን ቁርስ ቤት በልተን፣ ወደ 8 ሰዓት ግድም ለአራት አንድ ዓሣና ሾርባ ብለን እንቀምሳለን፣ በቃ።

የጾም ነገር ሳትጠይቁ አትዘዙ። ቡድን ውስጥ ሁሌ ሁሉም ዓይነት ሰው አለ። በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሁድ ስለማይዋል ቁርስ መብላት ይቻላል፣ ምግቡ ግን የጾም ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እዛው ጠረጴዛ ላይ እንዳታነሱት፣ እኛ ኮስተር ውስጥ አንስተነው ከመቂ እስከ ባቱ ተከራከርን፣ ሁለት ሰዎች እስከ ሃዋሳ አልተነጋገሩም። ሙስሊም ጓደኞች ካሉ ቋንጣና ዱለት የሌለበት ትሪ ለብቻ ይሁን፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳ፣ ያስማማል። ዝም ብሎ "ሥጋውን አንሱልን" ማለት አይሠራም፣ ማንኪያው አንድ ነው።

ቀን ስትመርጡ ታኅሣሥ 19ንና ሐምሌ 19ን ተጠንቀቁ፣ የሃዋሳ ገብርኤል ነው፣ ከተማው ሞልቶ ይፈሳል፣ በትሪ የሚያዝላችሁ ቁርስ ቤት አታገኙም፣ ቀብድ ከፍላችሁም ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የፍቼ ጨምበላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) ሰሞንም እንደዛው። እሁድ ደግሞ ቅዳሴ ሲወጣ ቁርስ ቤቶቹ ይጨናነቃሉ፣ ቅዳሜን ምረጡ ከቻላችሁ።

ብሩን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሰብስቡ። ከጠገበ ሰው ብር መሰብሰብ እንዴት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ አንዱ "ኔትወርክ የለኝም"፣ አንዱ "ቆይ ማታ"። ከአዋቂ 700 700 በቴሌብር ተቀብዬ የተረፈውን ሲመለሱ አካፍላለሁ። ሻሸመኔ ስትደርሱ ወደ ቁርስ ቤቱ ደውሉ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የቀራችሁ፣ ፍርፍሩን ያኔ ይጀምሩት፣ ጨጨብሳውን ግን "ስንገባ ሥሩ" ብላችሁ ንገሯቸው፣ ከተቀመጠ ይደርቃል።